የትኛው ቲ56?

ሞተሩን ከአንዱ፣ ካምቢዮውን ከሌላው፣ አካሉን ከሦስተኛው አምጥቶ አንድ መኪና ማቆም አሜሪካ ውስጥ የቆየ ሙያም የቆየ ሱስም ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሩ ነው፤ ገንዘቡና ቅዳሜው የሚያልቀው ግን ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት ጠባብ ቦታ ነው። ይህ ምልልስ የሚያወራው ስለዚያ ቦታ ነው። መካኒኩ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እጁን ያፍታታ፣ ዛሬ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ባለመኪናው እዚያው ያደገ ወጣት ነው፤ አሮጌ ቮልቮ 240 ላይ ከሸቭሮሌት ፒክአፕ የወጣ ባለ 5.3 ሊትር ቪ8 ሞተር እየጫነ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባለመኪናው፦ ጋሼ፣ ሞተሩ ገብቷል፣ ካምቢዮውም ተገዝቷል። የቀረኝ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ብቻ ነው። ይኸው ስልኬ ላይ ሦስት ዓይነት አግኝቻለሁ፤ የትኛውን ልዘዝ?

መካኒኩ፦ አንዱንም አትዘዝ። ካምቢዮህ ምንድን ነው?

ባለመኪናው፦ ቲ56። ባለ ስድስት ማርሽ።

መካኒኩ፦ የትኛው ቲ56?

ባለመኪናው፦ ቲ56 ነዋ ጋሼ!

መካኒኩ፦ ስሙ አንድ ነው፣ ፊቱ ግን አንድ አይደለም። መጀመሪያ በ1992 ዶጅ ቫይፐር ላይ ወጣ። ከ1993 እስከ 1997 በተሠራው ካማሮ ላይ ፍሪሲዮኑ በሹካ የሚሠራ ነበር፤ የታችኛው ፓምፕ ውጭ ታስሮ፣ ኩሽኔታው ደግሞ የፕሬሸር ፕሌቱን ጣቶች ወደ ኋላ እየሳበ። ከ1998 እስከ 2002 ያው ካማሮ ኤልኤስ1 ሞተር ሲያገኝ ሹካው ቀረ፤ ፓምፑና ኩሽኔታው አንድ ዕቃ ሆነው ካምቢዮው አፍ ላይ ተቀመጡ፤ ይኸኛው ጣቶቹን ወደ ፊት የሚገፋ ነው። በ2003 እና በ2004 ሙስታንግ ኮብራ ላይ የገባው ቲ56 ደግሞ በሽቦ የሚሠራ ነው። አንተ «ለቲ56» ብለህ ስታዝ ሻጩ ከእነዚህ አንዱን ይልክልሃል። አልዋሸህም፤ ግን አይገጥምልህም።

ባለመኪናው፦ የእኔ ከካማሮ የወጣ ነው ብለውኛል።

መካኒኩ፦ ብለውኛል አይሠራም፤ ጎንበስ በልና እይ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ካምፓና ጎን ላይ ሹካ የሚወጣበት ሰፊ ቀዳዳ አለ?

ባለመኪናው፦ የለም። ቧንቧ የሚገባበት ትንሽ መስኮት ብቻ ነው ያለው። ውስጥ ደግሞ ዘንጉ አጠገብ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ይታዩኛል።

መካኒኩ፦ እንግዲያው የኤልኤስ1 ነው። ኩሽኔታው በእነዚያ ሁለት ብሎኖች ነው የሚታሰረው። አየህ፣ ዓይንህ ከሻጩ ወሬ ይበልጣል።

ባለመኪናው፦ እሺ፣ እንግዲህ ለ2000 ካማሮ ብዬ ልዘዛ!

መካኒኩ፦ ቆይ። አዲስ አበባ ሳለን ዕቃ ሲበላሽብን ምን እናደርግ ነበር መሰለህ? አሮጌውን ፈትተን በጨርቅ ጠቅልለን ሱማሌ ተራ እንልከዋለን። ሻጩ መጽሐፍ አይገልጥም። ዕቃውን በእጁ ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና ከመደርደሪያው አቻውን ያወርዳል፤ ጎን ለጎን አስተያይቶ ይሰጥሃል። በዚህ ዘዴ ስንት ዓመት መኪና ቆሞ ሄዷል። አንተ ግን ናሙና የለህም። ቮልቮ እንዲህ ያለ መኪና ሠርቶ አያውቅም፤ ሸቭሮሌትም አልሠራም። የሚፈታ አሮጌ ዕቃ በሌለበት ናሙናውን በልኬት ራስህ ማውጣት አለብህ።

ባለመኪናው፦ ካታሎግስ?

መካኒኩ፦ ካታሎግ የሚያውቀው ፋብሪካው የሠራውን መኪና ነው። ለ2000 ካማሮ ሲልህ የ2000 ካማሮን ቮላኖ፣ የዚያኑ ፕሬሸር ፕሌት፣ የዚያኑ ፔዳልና የላይኛውን ፓምፕ አብሮ አስቦ ነው። ከእነዚህ ስንቱ አንተ ዘንድ አለ?

ባለመኪናው፦ ካምቢዮውና ካምፓናው ብቻ። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ አዲስ የተገዛ ኪት ነው። ፔዳሉ የቮልቮ ነው፤ በሽቦ ይሠራ የነበረው።

መካኒኩ፦ ስለዚህ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቦታ ታውቃለህ፤ የሚሄድበትን ርቀትና የሚገፋውን ዘይት አታውቅም። ሥራችን እሱ ነው።

(መኪና ነድተው ሥሩን ላላዩ አንባቢዎች፦ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ፔዳሉ የላይኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ ፓምፑ የፍሬን ዘይቱን በቧንቧ ወደ ታችኛው ፓምፕ ይልካል። በቀድሞው አሠራር የታችኛው ፓምፕ ሹካ ይገፋል፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው የፕሬሸር ፕሌቱን ጣቶች፤ ጣቶቹ ሲገፉ ሸራው ከቮላኖው ይላቀቃል። ወጣቱ በያዘው ዓይነት ሹካ የለም። የታችኛው ፓምፕ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ የካምቢዮው ዘንግ በመካከሉ ያልፋል፤ ኩሽኔታው በቀለበቱ ፒስተን ራስ ላይ ተተክሏል።)

ባለመኪናው፦ እንዲያውም ይሄ የውስጡ ይሻላል ሲሉ እሰማለሁ። ሹካ የለ፣ የሚበላ መቀመጫ የለ፣ ከሁሉም ጎን እኩል ይገፋል።

መካኒኩ፦ ሲገፋማ እኩል ይገፋል። የፒስተኑ ጎሚኒ አንድ ጠብታ ያስወጣ ቀን ግን ካምቢዮ ታወርዳለህ። ውጭ ያለው ፓምፕ ቢያፈስ ሁለት ብሎንና አንድ ቧንቧ ፈትተህ ምሳ ሳይደርስ ትጨርሳለህ። ጂፖችን እያቸው። ራንግለርም ቸሮኪም ከ1987 እስከ 1993 የውስጡን ዓይነት ተጠቀሙ፤ በ1994 ፓምፑን ወደ ውጭ መልሰው አወጡት። እስከ ዛሬ የአሮጌ ጂፕ ባለቤቶች የ1994ቱን ካምፓናና የኩሽኔታ መሄጃ እጅጌ ፈልገው ወደ ውጭኛው ይቀይራሉ። ፋብሪካው ራሱ የተመለሰበት መንገድ ነው።

ባለመኪናው፦ እንግዲያው እኛም በሹካ እናድርገው ነው የሚሉኝ?

መካኒኩ፦ ቦታ ካለ አዎ። ቀድመህ መጥተህ ቢሆን ካምቢዮውን ሳትገዛ ይሄን እነግርህ ነበር። አሁን ግን በግራ በኩል እጅህን አስገባ፤ የመሪው ዘንግ እዚህ ይወርዳል፣ የጭስ ማውጫው እዚህ ይመጣል። ሹካና ፓምፕ በዚያ በኩል ብንሰቅል ጭስ ማውጫው ዘይቱን ያፈላዋል። ለዚህች መኪና የውስጡ ግድ ነው። ግድ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮው ከታሰረ በኋላ ዳግመኛ እንዳይወርድ አድርጎ መምረጥ ነው።

ባለመኪናው፦ ከየት እንጀምር?

መካኒኩ፦ ከርቀቱ። ካምፓናውን ከካምቢዮው አላቀህ ሞተሩ ላይ እሰረው፤ ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ በሙሉ ኃይል ታስረው መሆን አለበት። ካምፓናው ካምቢዮ የሚቀበልበት ፊት ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድምና በካሊፐር እስከ ጣቶቹ ጫፍ ለካ። ስንት ነው?

ባለመኪናው፦ ቆይ… 92.5 ሚሊ ሜትር።

መካኒኩ፦ ሌላ ቦታም ለካ፤ አንድ ጣት ብቻ አትመን። አሁን ወደ ካምቢዮው። ያ ጓደኛህ ያዋሰህን ኩሽኔታ ቦታው ላይ አስቀምጠው። ፒስተኑን ቀስ አድርገህ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፋና ያዝ። ካምቢዮው ከካምፓናው ጋር ከሚገጥምበት ፊት እስከ ኩሽኔታው ራስ ለካ።

ባለመኪናው፦ 88።

መካኒኩ፦ ልዩነቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ሠሪዎች ከ3 እስከ 5 ባለው ውስጥ ይፈልጋሉ፤ የምትገዛው ኩሽኔታ ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን ከእኔ ቃል ይበልጣል። ክፍተቱ ከበዛ ከኩሽኔታው ሥር ስፔሶር ይገባል፤ ካነሰ ቶርኖ ቤት ሄደህ የሚቀመጥበትን ታስልጣለህ ወይም ሌላ ኩሽኔታ ትፈልጋለህ።

ባለመኪናው፦ ግን ጋሼ፣ 4.5 ሚሊ ባዶ ከሆነ ፔዳሉን ስረግጥ መጀመሪያ ያንን ባዶ መሙላት አለበት። ግማሹ ርግጫ በከንቱ አይባክንም?

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይስታል። አይባክንም። ክፍተቱ የሚሞላው አንድ ጊዜ፣ አየር ስታስወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ኩሽኔታው ጣቶቹን እንደነካ ይቀራል፤ የጎደለውን ዘይት ከላይ ያለው የዘይት ዕቃ ይተካል። ክፍተቱ ያስፈለገው ለዛሬ አይደለም፣ ሸራው ሲያልቅ ነው። ሸራው በሳሳ ቁጥር ጣቶቹ ወዴት የሚሄዱ ይመስልሃል?

ባለመኪናው፦ ወደ ቮላኖው?

መካኒኩ፦ ፕሌቱ ወደ ቮላኖው ይጠጋል፤ የጣቶቹ ጫፍ ግን ወደ ካምቢዮው ይመጣል። ጣቶቹ ማንሻ ናቸው፤ ሸራው አንድ ሚሊ ሲያልቅ ጫፋቸው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይመጣል። ኩሽኔታውን እየገፉት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሚሄድበት ቦታ ሲያልቅ ፒስተኑ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፣ ጣቶቹም ተጭነው ይቀራሉ። ያኔ ማንም ሳይረግጠው እንደተረገጠ ይሆናል። ሸራው ገና ግማሽ እያለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሰውየው «ኪቱ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሌላ ኪት ይገዛል። ያው ክፍተት፣ ያው መንሸራተት።

ባለመኪናው፦ ክፍተቱ ከበዛስ?

መካኒኩ፦ ፒስተኑ ከቤቱ በጣም ወጥቶ ይሠራል። እግርህ ጠንከር ያለ ቀን ጎሚኒው ጠርዙን ያልፍና ዘይቱ በሙሉ ሸራው ላይ ነው። ኩሽኔታው ከጥግ እስከ ጥግ 19 ሚሊ የሚሄድ ከሆነ፣ ክፍተቱን 4.5፣ ፍሪሲዮኑን ለማላቀቅ የምትፈልገውን ደግሞ 9 ብትል 13.5 ነው። 5.5 ሚሊ ትርፍ ይዘሃል ማለት ነው። ይሄን ሒሳብ ሳትሠራ ያዘዝከው ሁሉ ዕጣ ነው።

ባለመኪናው፦ 5.3ቱ የኤልኤስ ቤተሰብ ሞተር መሆኑ ርቀቱን አይለውጠውም?

መካኒኩ፦ ጥሩ ጠየቅህ። የኤልኤስ ክራንክ ሻፍት ቮላኖው የሚታሰርበት ጫፍ ከድሮው ትንሹ የሸቭሮሌት ቪ8 ጋር ሲነጻጸር 0.4 ኢንች ወደ ሞተሩ ገባ ያለ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ኤልኤስ ሞተርን በድሮ ካምፓናና በድሮ ካምቢዮ የሚያጋቡ ሰዎች ኩሽኔታው ጣቶቹ ጋ አልደርስ የሚላቸው በዚህ ነው። ከዚያ ደግሞ በ1999 እና በ2000 ፒክአፖች ላይ የገባው 6.0 ሊትር ጫፉ እንደ ድሮው ረዘም ያለ አለ። ያንተ 5.3 ነው፣ ካምፓናውም የኤልኤስ ነው፤ ከዚህ ጣጣ ድነሃል። ኪቱ ግን ቁመቱ የራሱ ነው፤ ባለ ሁለት ሸራ ቢሆን ሌላ ቁጥር ታነብ ነበር። ለዚህ ነው የሞተሩን ስም ሰምቼ ዝም ብዬ እሺ የማልልህ።

ባለመኪናው፦ የላይኛው ፓምፕስ? እኔ ትልቁን ብወስድ ይበልጣል ብዬ ነበር።

መካኒኩ፦ አንዴ እስቲ ብዕር ያዝ። የያዝነው ኩሽኔታ ፒስተን በውጭ በኩል 50፣ በውስጥ በኩል 38 ሚሊ ነው እንበል። ቀለበት ስለሆነ የውስጡን ባዶ ትቀንሳለህ፤ የሚገፋው ስፋት ወደ 829 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይመጣል። ፔዳልህ የላይኛውን ፓምፕ 28 ሚሊ ይገፋል ብለን እንያዝ። ባለ 3/4 ኢንች ፓምፕ ስፋቱ 285 ነው። በ28 አባዛ፣ ለ829 አካፍል።

ባለመኪናው፦ 9.6 ሚሊ።

መካኒኩ፦ የፍሪሲዮንህ ወረቀት 9 አካባቢ ይፈልጋል ካለ በቂ ነው። በ5/8 ሞክረው።

ባለመኪናው፦ 6.7። አይበቃም።

መካኒኩ፦ ማርሽ ሲገባ የሚጮኸው እንዲህ ያለው ነው፤ ሰው ግን ካምቢዮውን ይረግማል። በ7/8ስ?

ባለመኪናው፦ 13.1።

መካኒኩ፦ ጣቶቹን ከሚገባው በላይ ይገፋል፣ ክፍተቱን ስትጨምርበት ፒስተኑን ወደ ጥግ ያደርሰዋል። ፔዳሉም ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይከብዳል። ትልቅ የተሻለ ማለት አይደለም። 3/4ቱን ውሰድ፤ ከፔዳሉ ሥርም እንደልብህ እንዳትረግጥ የሚያቆምህ ብሎን ከነዳዶው እናስርበታለን። የቮልቮ ፔዳል ሽቦ እንዲስብ እንጂ ፓምፕ እንዲገፋ አልተሠራም፤ ስለዚህ የፓምፑ ዘንግ ፔዳሉን የሚነካበትን ቦታ እኔ ራሴ እወስናለሁ። ጎንዮሽ ከገፋ የላይኛውን ፓምፕ ጎሚኒ ይበላዋል።

ባለመኪናው፦ እሺ ጋሼ፣ አሁን እነዚህን ሦስቱን ይዩልኝ። ይሄኛው «ለሁሉም ይገጥማል» ይላል፤ ዋጋውም የሌሎቹ ሩብ ነው።

መካኒኩ፦ ለሁሉም የሚገጥም ፍሪሲዮን ኩሽኔታ የለም። ስንት ሚሊ እንደሚሄድ ጽፏል?

ባለመኪናው፦ አልጻፈም።

መካኒኩ፦ የፒስተኑን ስፋት?

ባለመኪናው፦ እሱንም።

መካኒኩ፦ የሠራው ማን ነው?

ባለመኪናው፦ የሻጩ ስም ብቻ ነው ያለው።

መካኒኩ፦ ዝጋው። ሁለተኛው?

ባለመኪናው፦ የፋብሪካው ዓይነት፣ ለ1998–2002 ካማሮ። አዲስ።

መካኒኩ፦ ይሄ ይታሰብበታል። በዚህ ሙያ የሳጥኑ ስምና የሠሪው ስም ብዙ ጊዜ ለየቅል ነው። ሉክ የሼፍለር ነው፣ ሳክስ የዜድኤፍ ነው፣ ቫሌዮ በ2017 ኤፍቲኢን ጠቅልሎ ገዝቷል። እነዚህ ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርቡ ናቸው። እንዲህ ያለ ሠሪ ያወጣውን ዕቃ ከታወቀ ሻጭ ከገዛህ፣ ሲያልቅም መንገድ ላይ አቻውን ታገኛለህ። ኦክላሆማ ውስጥ መኪናህ ብትቆም የአንድ ካማሮ ኩሽኔታ ከተማው ውስጥ አይጠፋም።

ባለመኪናው፦ ሦስተኛው የእሽቅድምድም ነው። አሉሚኒየም፣ ፒስተኑም የሚፈታ። ዋጋው ግን…

መካኒኩ፦ ዋጋውን ተወው፣ አንድ ነገር ፈልግልኝ፦ ጎሚኒው ለብቻው ይሸጣል?

ባለመኪናው፦ አዎ፣ የጎሚኒ ኪት አለው።

መካኒኩ፦ ያ ቁም ነገር ነው። ቲልተንም ማክሊዮድም የሚሠሯቸው እንደዚያ ናቸው፤ ይፈታሉ፣ ይታደሳሉ። የፋብሪካው የፕላስቲክ ዓይነት ሲያፈስ ይጣላል። ካምቢዮህ ፋብሪካ ያልገመተው ከሆነ፣ ክፍተትህ ከተለመደው ከወጣ፣ ወይም ፍሪሲዮንህ ከባድ ከሆነ ይሄኛው ስፔሶር እየጨመርክ ታስተካክለዋለህ። አንተ ግን 4.5 ሚሊ አግኝተሃል፣ ካምፓናህም የራሱ ነው። ምን ያስጨንቅሃል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። የፋብሪካውን ውሰድ።

ባለመኪናው፦ ያገለገለ ከጀንክያርድስ? ካምቢዮውን ከዚያ ነው ያገኘሁት።

መካኒኩ፦ ካምቢዮ ከጀንክያርድ፣ እሺ። ካምፓና፣ ፔዳል፣ ቧንቧው የሚሰካበት ማያያዣ፣ እሺ፤ እንዲያውም ማያያዣውን እዚያው ፈልግ፣ የፋብሪካው መሰኪያ ለብቻው ሲገዛ ያበሳጫል። ኩሽኔታውን ግን አይሆንም። ያገለገለ ጎሚኒ አሮጌው ቦታው ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ አንተ አዲስ ቦታ ላይ፣ ዝገት የያዘ ግድግዳ ላይ ታንሸራትተዋለህ። ካምቢዮ የማውረዱን ድካም እያወቀ ኩሽኔታ ላይ የሚቆጥብ መካኒክ ብታይ ከእሱ ዘንድ አትሂድ።

ባለመኪናው፦ ራሱስ? ኩሽኔታው ጣቶቹን የሚነካበት ፊት አንዱ ዝርግ ነው፣ አንዱ ክብ ያለ።

መካኒኩ፦ ጣቶቹን እይ። ጫፋቸው ወደ ኩሽኔታው ጎበጥ ያለ ከሆነ ዝርጉን፣ ጣቶቹ ራሳቸው ዝርግ ከሆኑ ክብ ያለውን። ዝርግ በዝርግ ላይ ካደረግህ በጠርዝ ብቻ ይነካና ጣቶቹን እየፋቀ ይበላል። ያንተ ጎበጥ ያለ ነው። የሚነካበት ክብ ስፋትም ከጣቶቹ ጫፍ ክብ ጋር መመጣጠን አለበት። ፍሪሲዮኑ የሚገፋ ወይስ የሚስብ መሆኑንም እይ፤ የአንዳንድ ሱባሩ ቱርቦና ሚትሱቢሺ ኢቮ ፍሪሲዮን የሚስብ ዓይነት ነው፤ እዚያ ላይ የሚገፋ ኩሽኔታ ምንም አይሠራም። ሞተር የሚቀይሩ ልጆች እነዚህን ካምቢዮዎች ይወዳሉና ነው የምነግርህ።

ባለመኪናው፦ ስናስገባውስ የሚያስፈራ ነገር አለ?

መካኒኩ፦ አለ። የፕላስቲኩን በእጅህ ደጋግመህ አትጫነው። በቤንዚንም፣ በፍሬን ማጽጃም አትጠበው። ካምቢዮው ተገጥሞ ሳይታሰር ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ፤ የሚገፋው ካጣ ፒስተኑ ተፈንጥሮ ይወጣል። ዘይቱ ጠርሙሱ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የተጻፈበት የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። አንድ ሰው የመሪ ዘይት ቢጨምርበት ጎሚኒው አብጦ ይለጠፋል። እኔ ሁልጊዜ የምጨምረው ሌላ ሥራ ደግሞ አለ፦ የካምፓናው መካከል ከክራንክ ሻፍቱ መካከል ጋር መሆኑን በዲያል እለካለሁ። ከ0.005 ኢንች፣ ከ0.13 ሚሊ በላይ ከሳተ የካምቢዮው ዘንግ ጠማማ እየዞረ ኩሽኔታውን ያደክመዋል። ሞተርና ካምፓና ከተለያየ መኪና በመጡበት ይሄን ሳይለኩ ማሰር የመካኒክ ስንፍና ነው።

ባለመኪናው፦ አየር ማስወጫውስ? ካምፓናው ውስጥ እጅ አይገባም።

መካኒኩ፦ ለዚያ ነው ሁለተኛ ቧንቧ የምታዝዘው። ከኩሽኔታው የአየር ማስወጫ ተነስቶ በመስኮቱ ወጥቶ ሞተሩ ላይ ከፍ ብሎ የሚታሰር። አሁን ሁለት ቧንቧ አንድ ላይ በዚያች መስኮት ታወጣለህ፤ ከቮላኖው እንዲርቁ አስረህ። አየሩን ዘይቱ በራሱ ክብደት እየወረደ ያስወጣው፤ በፔዳል አታጣድፈው። ከዚህ በኋላ ምንም ሳትፈታ ዘይት ትቀይራለህ። የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል፤ ያልተቀየረ ዘይት ጎሚኒውን ያለጊዜው ይጨርሰዋል።

ባለመኪናው፦ አንድ ቀን አገር ቤት ልወስዳት ነበር ሐሳቤ።

መካኒኩ፦ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄድ መኪና ማስገባትን በ2024 ከልክላለች። እዚሁ ንዳት። ግን የምልህን ልብ በል፤ እዚያ ያሉት አሮጌዎቹ መኪኖች አሁን ይበልጥ ረጅም ዕድሜ መኖር አለባቸው። ሞተር እየቀየሩ የሚያስኬዷቸው መካኒኮች ከእኔና ካንተ የባሰ ጣጣ ይዘዋል፤ ከዱባይ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ናሙናው ካልገጠመ መመለሻ የለውም። ቁጥሩን ጽፎ መላክ ለእነሱ ከገንዘብ ይበልጣል።

ባለመኪናው፦ ቁጥሩን ልጻፍ እንግዲህ። 92.5፣ 88፣ 4.5…

መካኒኩ፦ ሁሉንም ጻፍ። የካምቢዮውን ዓይነትና ዓመት፣ ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ የማን እንደሆኑ ከነቁጥራቸው፣ ኩሽኔታውን ከነቁጥሩ፣ የላይኛውን ፓምፕ ስፋት፣ ስንት ስፔሶር እንደገባ። በፕላስቲክ ሸፍነህ ከሞተር ክዳኑ ውስጥ ለጥፈው። እኔ በሌለሁበት መኪናዋን የሚከፍታት ሰው ቮልቮ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም።

ባለመኪናው፦ አሁን ልዘዝ?

መካኒኩ፦ ዛሬ ማታ እዘዝ። ለ1998–2002 ካማሮ ኤልኤስ1 የፋብሪካውን ዓይነት ኩሽኔታ አዲስ፤ የ3/4 ኢንች የላይኛ ፓምፕ፤ የአየር ማስወጫውን ቧንቧ፤ አንድ ጠርሙስ ዶት 4። ኩሽኔታው ሲመጣ እንደገና እንለካዋለን፤ የጓደኛህ 88 ካለ ያንተም 88 ይሆናል ብዬ አልምልም። ሳይለካ ካምቢዮ አላነሣም።